ያልከፈለ ከዘር ሐረግ ይሰረዝ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የድሬዳዋ ሳቢያን ነዋሪ፣ የ38 ዓመት መምህርት ነኝ። ከአንድ ቅድመ አያት የተወለድን ሰዎች ከሦስት ዓመት በፊት የቤተሰብ ማኅበር አቋቁመን እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። ዓላማችን የዘር ሐረጋችንን አጥንተን በመጽሐፍ ማሳተም፣ በዓመት አንድ ጊዜም መገናኘት ነው። ከድሬ፣ ከሐረር፣ ከአዳማ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጅቡቲና ከካናዳ 140 ያህል ስም ሰብስቤአለሁ። አሁን ግን ነገሩ እየተበላሸብኝ ነው።

ቅድመ አያታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አፍደም ጣቢያ ሌላ ቤት እንደነበራቸው የሰማነው በቅርቡ ነው። የዚያ ቤት ልጆች ሙስሊሞች ናቸው። አንዷ ስልኬን ፈልጋ ደውላልኝ፣ የእነሱ ታላቅ አያት «ባቡሩ አፍደም በደረሰበት ዓመት» መወለዳቸውን ነገረችኝ። ሊቀ መንበራችን ታላቁ አጎቴ ግን «እነሱ በሐረጋችን ላይ አይጻፉም» ብለው ዘጉት። በዚህ ላይ ኮሚቴው በወር 200 ብር ያልከፈለ ሰው ስሙ መጽሐፉ ላይ አይወጣም ብሎ ወሰነ። ብሩ የሚገባው በገንዘብ ያዡ የግል ቴሌብር ነው፤ እምነት ስላለን ግድ አላልንም።

የሐረሮቹ ዘመዶቻችን ቅድመ አያታችን ከራስ መኮንን ጦር ጋር ነው የመጡት ይላሉ፤ የድሬዎቹ ደግሞ ባቡር ሊሠሩ ነው የመጡት ይላሉ። ከልጆቻቸው በሕይወት ያሉት እማማ ብቻ ናቸው፣ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው የሚሉት፣ ትልቋ እህታቸው በህዳር በሽታ ጊዜ ጡት ይጠቡ እንደነበርና አባታቸው ጣልያን ሲገባም ባቡር ላይ እንደነበሩ ነው። ስብሰባችንንም ከቁልቢ ማግስት ታኅሣሥ 20 ስናደርግ ቆይተን፣ አሁን አንዳንዶች በሬ የሚታረድበት ቀን ይሁን ይላሉ። ፈቃድ ማውጣት ይኖርብን ይሆን? ደክሞኛል፤ ጸሐፊነቱን ልተወው ወይ?

ጸሐፊዋ፣ ከሳቢያን

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ብዙ ነገር ጠይቀሻል፤ እኔ ግን የአብዛኛው ሥር አንድ ሆኖ ታየኝ። ማኅበራችሁ አባልነትንና ዝምድናን ቀላቅሏል። አባል በፈቃዱ ይገባል፣ ይከፍላል፣ ሲሰለቸው ይወጣል። ዝምድናን ግን ኮሚቴ አይሰጠውም፣ ኮሚቴ አይነሳውም። ከቅድመ አያታችሁ የተወለደ ሰው በወር 200 ብር ባይከፍልም የተወለደው ከእሳቸው ነው። ክፍያ ያቋረጡትን ሁሉ አውጥታችሁ የምታሳትሙት መጽሐፍ የዘር ሐረግ መሆኑ ቀርቶ የከፋዮች ስም ዝርዝር ይሆናል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያነበው ልጅ ደግሞ የጎደለው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደጎደለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሌለ ሰው ነው ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ለመጪው ስብሰባ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ይዘሽ ግቢ፦ «በመዝገቡ የሚጻፈው ከቅድመ አያታችን የተወለደ ሁሉ ነው፤ መዋጮ የሚመለከተው የማኅበሩን አገልግሎት ብቻ ነው።» ይህ ካለፈ የብሩ ጉዳይ ይቀላል። የመጽሐፉን ኅትመት የሚፈልገው ሰው አስቀድሞ አዝዞ ይክፈል። የዓመቱን ምሳ የሚመጣው ያዋጣ። ለጥናቱ ማለትም ለፎቶ ኮፒ፣ ለመንገድ፣ ለስልክ ትንሽ ወርኃዊ መዋጮ ይበቃል። 200 ብር ለእናንተ ለደመወዝተኞቹ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለጡረተኛ ግን ከመድኃኒቱ ላይ የሚነሣ ብር ነው። ለቅሶን ደግሞ ከዚህ ማኅበር አውጡት። ሁላችሁም በየሰፈራችሁ ዕድር አላችሁ፣ ሐረር ከሐረሪ ጋር የተጋቡትም አፎቻ የሚባለው የሐረሪ መረዳጃ አላቸው። የቤተሰብ ማኅበር ሁለተኛ ዕድር ልሁን ሲል ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ለማን ስንት ተሰጠ በሚል ጭቅጭቅ ያልቃል።

በግል ቴሌብር የሚገባው ገንዘብ ግን ዛሬውኑ ይቁም። ገንዘብ ያዡን ስለጠረጠርኩ አይደለም። ታማኝ ሰው ስለሆኑ ነው ነገ የማይመልሱት ጥያቄ እንዳይገጥማቸው የምፈልገው። በሦስት ሰው ስም የጋራ ሒሳብ ክፈቱ፣ ወጪ በሁለት ፊርማ ይሁን፤ ከሦስቱ አንዱ ከኮሚቴው ውጪ ቢሆን ይሻላል። ሒሳቡ በየስብሰባው ጮክ ተብሎ ይነበብ። ካናዳ ያሉት ብዙ ስለላኩ ድምፃቸው አይብዛ፤ ይህንንም ገና ጠብ ሳይነሣ በመተዳደሪያ ደንባችሁ አስፍሩት። ስለ ፈቃዱ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርን፣ ዕቁብንና መሰል ባህላዊ መሰባሰቦችን አይመለከትም፤ እናንተም በአካሄዳችሁ የምትቀርቡት ለእነሱ ነው። ቢሮ መከራየትና ከውጭ ድርጅት እርዳታ መጠየቅ ስታስቡ ያኔ ጠበቃ አማክሩ።

አሁን ወደ አፍደም እንሂድ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የያዘው እሱ ነው።

የባቡሩን መስመር ታሪክ ከነገርሽኝ ጋር አስተያይቼ ሳየው አንድ ነገር ወጣ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው። ከዚያ ለዓመታት እዚሁ ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ሌላ ኩባንያ እስኪተካ ድረስ ከድሬ ወደ ምዕራብ አልቀጠለም። ሥራው እንደገና የተንቀሳቀሰው ከ1900 በኋላ ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። አፍደም ከድሬ ወደ አዋሽ በሚወስደው መስመር ላይ ናት፤ ባቡሩ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አልፏታል። እንግዲህ የአፍደሙ ታላቅ ልጅ ባቡሩ እዚያ በደረሰበት ዓመት ከተወለዱ፣ ልደታቸው ከ1909 በፊት ነው ማለት ነው። የእናንተ ትልቋ ደግሞ በህዳር በሽታ፣ ማለትም በ1911፣ ጡት ይጠቡ ከነበረ የተወለዱት በ1909 እና በ1911 መካከል ይሆናል። ሁለቱም ወሬ ትክክል ከሆነ የአፍደሙ ልጅ ታላቅ ናቸው። «ሌላ ቤት» የምትሉት ቤት የመጀመሪያው ቤት ሊሆን ይችላል።

ይህን ይዘሽ ግን አጎትሽ ላይ እንዳትዘምቺ። «ታላቆቹ እነሱ ናቸው» ብለሽ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ብትለጥፊው በር የከፈትሽ መስሎሽ በር ትዘጊያለሽ። አሁን በእጅሽ ያለው ሁለት የቃል ምስክርነት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ገና መጣራት አለባቸው። አፍደም ሄደሽ አንድ ሁለት ሽማግሌ ብትጠይቂ ዓመቱ ወዲያም ወዲህም ሊል ይችላል። ከአሁኑ የሚጠቅምሽ ግን የአፍደሙን ቤት እንደ ተርታ ወሬ መግፋት እንደማይቻል ማሳየቱ ነው።

አጎትሽ ለምን እምቢ እንዳሉ አልጻፍሽልኝም። ምናልባት ማንም አልጠየቃቸውም። በእንዲህ ያለ ነገር ሽማግሌዎችን የሚያስቆማቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው የእናታቸው ወይም የአያታቸው ክብር ነው፤ ሌላ ቤት ነበር ሲባል የእሳቸው ቤት የተናቀ ይመስላቸዋል። ሁለተኛው ሃይማኖት ነው። ሦስተኛውን አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም፤ ቤትና ርስት ነው። ከዚራም ሆነ መጋላ፣ በድሬ ሰፈሮች በአያት ስም ያለ ቤት ካለ፣ «ዛሬ ስማቸው ከተጻፈ ነገ ውርስ ይጠይቃሉ» የሚል ስጋት ይኖራል።

ስለ ውርሱ እውነቱን ንገሪያቸው። ሰውን ወራሽ የሚያደርገው ፍርድ ቤት በማስረጃ የሚወስነው ውሳኔ እንጂ የቤተሰብ መጽሐፍ አይደለም። ትርፍ ቤት የነበረውማ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ተወርሷል፤ የሚፈራለት ቤት መኖሩም መጀመሪያ ይጣራ። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ «ይህ መዝገብ ለዝምድና መተዋወቂያ እንጂ ለውርስ ክርክር አልተዘጋጀም» ብላችሁ ጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ዳኛን አያስርም፤ የማኅበሩን አሳብ ግን ለሁሉም ግልጽ ያደርጋል። የምር ክርክር ያለበት ቤት ካለ ደግሞ ጠበቃ ይያዝ እንጂ የሰው ስም በመደበቅ አይፈታም። ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት እኩል መብት እንዳላቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ተጽፏል። የአፍደሟ እናት ደግሞ በሃይማኖታቸውና በባህላቸው በሥርዓት ያገቡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማንም ሳይጠይቅ «ከጋብቻ ውጪ» ማለትም ነውር ነው።

ለሃይማኖቱ ደግሞ ከራሳቸው ወግ ተነሥተሽ አናግሪያቸው። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ሰባት ቤት ጋብቻ የምትከለክለው ዘመድ ከዘመዱ እንዳይደባለቅ ነው። ዛሬ የአፍደም ልጅና የድሬ ልጅ በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በሥራ ቦታ፣ ጅቡቲ ላይ ይገናኛሉ። በመጠሪያቸው አይተዋወቁም፣ በሃይማኖታቸው አይተዋወቁም፤ በምን ይወቁት? ሐረግ ቆጥሮ መጻፍ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ እሳቸው ካልጻፉት ማን ይጽፈዋል? በርስት ዘመን የነበሩ አያቶቻችንም ዘር ሲቆጥሩ በእናት በኩልም በአባት በኩልም እየቆጠሩ ነበር፤ መሬት የሚደርሳቸው በሁለቱም ወገን ስለነበር። ዘርን ማጥበብ የኖረ ወግ አይደለም።

ይህን ሁሉ ግን አንቺ አትነግሪያቸውም። አንቺ ልጃቸው ነሽ፤ ጸሐፊነትሽ ከዚያ አያወጣሽም። የሚናገሩት እማማ ናቸው። ለአጎትሽ አክስታቸው ናቸው፣ አባታቸውን ከሚያውቁት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ሲናገሩ አጎትሽ ተነሥተው አይወጡም። ከዚያ በፊት ለብቻሽ ሄደሽ ስለ አፍደም ጠይቂያቸው። መጠየቅሽን በደብዳቤሽ አላየሁም። «አፍደም ዘመድ አለን ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ አዎ ወይም አይ የሚያስብል ጥያቄ የተደበቀውን እንደ ተደበቀ ያስቀረዋል። «አባትዎ በወር ስንት ጊዜ ወደ መስመር ይወጡ ነበር? የት ያድሩ ነበር? ሲመለሱ ምን ይዘው ይመጡ ነበር? ማን ሰላምታ ይልክላችሁ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። እናቶች ለረጅም ዘመን ብዙ ነገር ሰምተው ዝም ብለው ኖረዋል፤ ከጠየቅሽ በኋላ ዝም በይ፣ ቡናው ሦስተኛ ይድረስ። ድምፃቸውን በስልክሽ መቅዳት የምትጀምሪው ፈቅደው ነው።

አጎትሽ ከዚያም በኋላ እንቢ ካሉ፣ በድምፅ ብልጫ አታሸንፊያቸው። ይህን በይልኝ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁትን በእርስዎ ስም እጽፋለሁ። እነሱ የሚሉትንም በእነሱ ስም እጽፋለሁ። የትኛውንም አልሰርዝም።» ሽማግሌ ሰው የሚቆጣው ቃሉ የተጣለ ሲመስለው ነው። የእሳቸው ቃል ከነስማቸው በመዝገቡ መኖሩን ሲያዩ የሌላው መጻፍ ይቀላቸዋል። ወደ አፍደም ደግሞ ቅጽ ልከሽ «ሙሉ» አትበይ። ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሄዳችሁ ተጠያየቁ። መጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ፣ ስማቸው በምን ፊደል እንዲወጣ እንደሚፈልጉ እነሱ ይንገሯችሁ። ለእነሱም እናንተ ድንገት የተገኛችሁ ሌላ ቤት ናችሁ።

ቅድመ አያታችሁ ከየት መጡ የሚለው ክርክር ከዚህ ይቀላል፤ የዓመት ሒሳብ ብዙውን ይፈታዋል። የምኒልክ ጦር ሐረርን ይዞ ራስ መኮንን ገዥ የተሾሙበት የጨለንቆ ጦርነት በ1879 ነው። ቅድመ አያታችሁ ያኔ በጦሩ ውስጥ የ18 ዓመት ወጣት ከነበሩ የተወለዱት በ1861 ይሆናል። ጣልያን ሲገባ በ1928 ዕድሜያቸው 67 ነው። በዚያ ዕድሜ ሐዲድ ላይ መዶሻ መያዝ አይቻልም አልልም፤ ግን ይከብዳል፣ የመጀመሪያ ልጅ ከሃምሳ አካባቢ መውለድም እንዲሁ። ባቡሩ ድሬ በደረሰበት በ1895 የ20 ዓመት ወጣት ሆነው ከተቀጠሩ ግን ትልቋ ልጃቸው ሲወለዱ ዕድሜያቸው ከ34 እስከ 36 ነው፤ ጣልያን ሲገባ ደግሞ 53። ይህ ከእማማ ቃል ጋር ይገጥማል።

ታዲያ የሐረሮቹ ወሬ ውሸት ነው? እኔ እንዲያ አልልም። በቃል የሚተላለፍ ሐረግ ብዙ ጊዜ አንድ ትውልድ ይውጣል፤ የአባትና የልጅ ታሪክ በአንድ ሰው ላይ ይደረባል። ከጦሩ ጋር ወደ ሐረር የመጡት የቅድመ አያታችሁ አባት፣ ከዚያ ወደ ድሬ ወርደው ባቡር የገቡት ልጃቸው ቢሆኑ ሁለቱም ወገን እውነት ተናገረ ማለት ነው። ሐረር ያሉትን የቅድመ አያታችሁ አባት ማን ይባሉ እንደነበር፣ የት እንደተቀበሩ፣ በማን ሥር እንደነበሩ ጠይቂ። መልስ ካገኘሽ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሄድሽ። እርግጠኛ እስክትሆኚ ድረስ ሁለቱንም ወሬ ጎን ለጎን ጻፊ።

ሽማግሌን ዓመተ ምሕረት አትጠይቂ። «ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ተወልደው ነበር? በህዳር በሽታ ጊዜ? ጣልያን ሲወጣ በ1933 ያገቡ ነበሩ? በ1969 በሶማሌ ጦርነት የት ነበራችሁ? በ1977 አዋሽ ላይ ባቡሩ ሲገለበጥ?» እያልሽ ጠይቂ። በምድር ባቡር ቤተሰብ ውስጥ ያን የአዋሽ አደጋ የማያስታውስ ትልቅ ሰው የለም።

ስለ መዝገቡ አያያዝ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ስጪ። ቅድመ አያት 1 ይሁኑ፣ ልጆቻቸው 1.1፣ 1.2 እያሉ ይቀጥሉ፣ የልጅ ልጆች 1.1.1 እያሉ ይውረዱ። ቁጥሩ የተሰጠው በተመዘገቡበት ተራ እንጂ በማዕረግ ወይም በታላቅነት እንዳልሆነ ከላይ ጻፊ፤ አለዚያ በቁጥር ትጣላላችሁ። ይህን የምልሽ ስማችን ብቻውን ስለማያደርስ ነው። እኛ ከአባት ስም ወደ አያት ስም እንሄዳለን እንጂ ከትውልድ ትውልድ የሚሻገር የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ በሦስተኛው ትውልድ የወንድማማች የልጅ ልጆች አንድም የጋራ ስም ላይኖራቸው ይችላል። ከሁሉ የሚጎዱት ደግሞ የሴት ልጆች ልጆች ናቸው። በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ከእናታቸው ቤተሰብ መዝገብ በዝምታ ይወጣሉ። ከ140ው ስም ስንቱ በሴት በኩል እንደሆነ እስኪ ቁጠሪው፤ ግማሽ አካባቢ ካልሆነ ገና ያልጠየቅሻቸው ቤቶች አሉ።

ለአንድ ሰው ሦስት የስም ቦታ ተዪ፦ የሚጠራበት፣ የክርስትና ወይም የእስልምና ስሙ፣ ሰፈር ያወጣለት። ቤት ውስጥ «ግርማ» የሚባለው ሰው በደብሩ መዝገብ «ወልደ ሚካኤል» ብቻ ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። በባቡር ወረቀቶች ላይ ደግሞ ፈረንሳዊው ጸሐፊ በጆሮው የደረሰውን ነው የጻፈው። ከእያንዳንዱ መረጃ አጠገብ ማን እንደነገረሽና መቼ እንደነገረሽ ይኑር።

ወረቀት ፍለጋ ስትወጪ ከክብር መዝገብ አትጀምሪ። አገር አቀፉ የልደትና የሞት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ነው፤ ለአያቶችሽ አይደርስም። የክርስትና ካርድ፣ የጡረታ ደብተር፣ የምድር ባቡር የሥራ መታወቂያ፣ የጥንት የቀበሌ መታወቂያ፣ ከጀርባው የፎቶ ቤት ማኅተም ያለበት ፎቶግራፍ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ ጅቡቲ ላሉት ደግሞ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የመኖሪያ ወረቀት ፈልጊ። ብዙ ሰው የማያስበው የዕድር መዝገብ ነው። ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ፣ ለሟቹ ምኑ እንደሆነ ከነቀኑ ይጻፍበታል። የዕድሩን ዳኛ በአክብሮት ጠይቀሽ የናንተን ቤተሰብ ገጽ ብቻ ፎቶ አንሺ።

ያገኘሽውን ሁሉ በሦስት ከተማ አስቀምጪ። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሰው ሲወስድ፣ በወንዙ ዳር የነበሩ ቤቶች ከነሣጥናቸው ነው የሄዱት። በዚያ ሌሊት ዘመዱን ያጣ ሰው ዛሬ የዘመዱን ፎቶ እንኳ የለውም። ድሬ ላይ ያለሽው ዋናው፣ አዲስ አበባና ካናዳ ያሉት ግልባጮች ይሁኑ።

መጽሐፉ ላይ የማይወጣም አለ። ብሔር የሚል አምድ አይኑር። የናንተ ቤተሰብ ከአማራውም፣ ከኦሮሞውም፣ ከሶማሌውም፣ ከሐረሪውም የተዋለደ ሊሆን ይችላል። ስምን ከነብሔሩ፣ ከነአድራሻው ዘርዝሮ የያዘ መጽሐፍ በዚህ ዘመን በማን እጅ እንደሚገባ አታውቁም። በሕይወት ላሉ ሰዎች የትውልድ ዓመትና የሚኖሩበት ከተማ ይበቃል፤ ስልክና የልጆች ትምህርት ቤት አይጻፍ። የማደጎ ልጅ ልጅ ተብሎ ይጻፋል፤ ማደጎነቱ የሚጠቀሰው ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ውጭ ካሉት መካከል የዲኤንኤ ምርመራ እናድርግ የሚል ይነሣል፤ ለአሁኑ ይቅርባችሁ። እማማ ሳይናገሩ ምራቅ ቢናገር ያልጠየቃችሁትን ጭምር ያወጣል።

ስብሰባውን በተመለከተ ታኅሣሥ 20ን አትልቀቁ። አዲስ አበባም አዳማም ያለው ዘመድ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ይመጣል። የሐረሩም የድሬውም ሰው ደንገጎ ላይ ከመለያየቱ በፊት አንድ መንገድ ላይ ነው። የድሬ ሙቀትም በዚያ ወር ይበርዳል። ቀኑ በነቢያት ጾም ውስጥ መሆኑን እንደ ጉድለት አይታችሁት ይሆናል፤ ለናንተ ግን ትልቅ ዕድል ነው። በሬ ከታረደ የማን ቢላዋ፣ የማን ባርኮት የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ድስት ይሆናል። አፍደሞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥተው ለብቻቸው ተቀምጠው ይበላሉ። በጾም ቀን ግን ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ቲማቲም ፍትፍቱ፣ ሰላጣው ለሁሉም አንድ ነው። ሁሉም ከአንድ ትሪ ይጎርሳል። ለዚህ ብቻ ስል የበሬውን ሐሳብ እቃወማለሁ። ቀኑ ዓርብ ከዋለ ጁምዓ እስኪሰገድ ምሳውን አዘግዩ፣ ለሶላት ንጹሕ ቦታና ውሃ አዘጋጁ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ አስቡ፤ ከ2023 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል ረመዳን ከቁልቢ ጋር ይገጥማል። በእነዚያ ዓመታት ወይ ማፍጠሪያ ላይ ተገናኙ፣ ወይ ወደ ሐምሌው ቁልቢ አዛውሩት።

በስብሰባው ላይ ንግግር ይቀንስ። ግድግዳው ላይ በየቤቱ አንድ ሰፊ ወረቀት ለጥፊ፣ ከጎኑ እርሳስ አንጠልጥዪ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ያርም። አንድ ጥግ ላይ እማማና እኩዮቻቸው ይቀመጡ፣ ድምፅ የሚቀዳ አንድ ልጅ አጠገባቸው ይሁን። ልጆቹን «እስከ ስንት አያት መቁጠር ትችላላችሁ?» ብላችሁ አወዳድሯቸው፤ ከእናታቸውም ወገን ቆጥረው ካላመጡ ሽልማት የለም።

ልተወው ወይ ላልሽው፣ ግማሹን ተዪው። ሦስት ዓመት ብቻሽን ስም ሰብስበሽ፣ ብር ጠይቀሽ፣ ቴሌግራም ላይ ጠብ አብርደሽ መድከምሽ ሊያስገርም አይገባም። መዋጮ ማስታወስና የግሩፑን ጭቅጭቅ ማብረድ ለሌላ ሰው ይሰጥ። ጸሐፊነት ለሁለት ዓመት ብቻ እንዲሆን በደንቡ ይጻፍ። መዝገቡን ግን ታኅሣሥ 20 እስኪያልፍ ከእጅሽ አታውጪው። ከዚያ በኋላ የምታስረክቢያቸው ሰዎች ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ከድሬ፣ ሌላው፣ የአፍደም ዘመዶችሽ እሺ ካሉ፣ ያች የደወለችልሽ ልጅ ትሁን። የጥሪው ደብዳቤ ከመስከረም አይለፍ፤ ከካናዳ የሚመጣ ሰው ቲኬት የሚቆርጠው ያኔ ነው።